እያደጉ የመጡ ዴሞክራሲያዊ አገሮች፣ የዓለም ሥርዓትና የወልዲያ የባቡር መስመር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ለአምስት አገሮች ቋሚ መቀመጫና ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት የሰጠ መሆኑ ይታወቃል። ህንድ፣ ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢንዶኔዥያና ቱርክን የመሳሰሉ መንግሥታቸውን በምርጫ የሚያቋቁሙ አገሮች በኢኮኖሚ እየጎለበቱ ሲመጡ ግን ሥርዓቱ እንዲሻሻል የሚቀርበው ጥያቄ ተጠናክሯል።

ህንድ፣ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 በብራዚሊያ የሦስትዮሽ የውይይት መድረክ መሥርተዋል። በ2005 ህንድና ብራዚል ከጀርመንና ከጃፓን ጋር በመሆን የቋሚ መቀመጫ ጥያቄ አቅርበዋል። የአፍሪካ ኅብረትም በዚያው ዓመት በኤዙልዊኒ ስምምነት ሁለት ቋሚ መቀመጫዎች ከነሙሉ መብታቸው እንዲሰጡት ጠይቋል። ኅብረቱ በ2023 በኒው ዴልሂው ጉባኤ የቡድን 20 አባል ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ሆናለች።

ይሁንና እነዚህ ዴሞክራሲያዊ አገሮች በዓለም መድረክ ሁልጊዜ አንድ አቋም አይዙም። በመጋቢት 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዩክሬን ጉዳይ ድምፅ ሲሰጥ ብራዚል ውሳኔውን ስትደግፍ ህንድና ደቡብ አፍሪካ ድምፅ ተአቅቦ አድርገዋል። የምርጫ ሥርዓት መመሳሰል የብሔራዊ ጥቅም መመሳሰልን እንደማያስከትል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የለውጡ ተጨባጭ ገጽታ በሰሜን ወሎም ታይቷል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልዲያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር የግንባታ ውል በ2012 ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ተሰጥቷል። ለሥራው ከቱርክ ኤግዚም ባንክ በተጨማሪ የአውሮፓ ባንኮች ብድር አቅርበዋል። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚያመራውን መስመር የያዘው የቻይና ኩባንያ ነው። በመሆኑም ሐራ ገበያ የሁለት ታላላቅ የውጭ አጋሮች ሥራ የሚገናኝበት ስፍራ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። መስመሩ ለወልዲያ ከተማና ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያደርስ አማራጭ ይከፍታል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል። ሆኖም ሁለቱም ግንባታዎች ሳይጠናቀቁ በ2020 የተቀሰቀሰው ጦርነት በ2021 ወልዲያ ድረስ በመዝለቁ ሥራው ተስተጓጉሏል።

የአበዳሪና የሥራ ተቋራጭ አማራጭ መብዛቱ የመደራደር አቅምን ያሰፋል። ባቡሩ ባይንቀሳቀስም ብድሩ የመክፈያ ጊዜውን ጠብቆ የሚከፈል በመሆኑ ግን የውልን ይዘት አስቀድሞ መመርመር፣ የካሳ ክፍያን በወቅቱ መፈጸምና የሰላምን ሁኔታ በዕቅድ ውስጥ ማካተት ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያሉ አስፈጻሚ አካላት ተግባር ነው።