በካፕሱል ተሸፍነው የሚተከሉ ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሳት

በካፕሱል የሚተከሉ ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሳት፣ የስኳር ሕመምን ለማከም በስስ የጄል ሽፋን ተጠቅልለው ወደ ሰውነት የሚገቡ ሕያው ህዋሳት ናቸው። ካፕሱሉ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በሆድ ዕቃ ክፍተት ውስጥ ነው።

አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የሚነሣው፣ የሰውነት መከላከያ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ቤታ ህዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠፋቸው ነው። ከሟች ለጋሾች ቆሽት የወጡ ህዋሳትን መትከል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ፣ ኤድመንተን ከተማ ታይቷል፤ በጄምስ ሻፒሮ የተመራው ቡድን ሰባት ሕሙማንን ከኢንሱሊን መርፌ አላቀቀ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ሕሙማኑ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ያጋልጣል። በመርፌ ስኳሩን መቆጣጠር ለሚችል ልጅ እንዲህ ያለ ሕክምና አይመከርም። የካፕሱሉ ሐሳብ ተስፋ የተጣለበትም ይህን መድኃኒት ያስቀራል ተብሎ ነው።

የሐሳቡ መነሻ በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቻንግ በ1950ዎቹ የጀመረው የሰው ሠራሽ ህዋስ ምርምር ነው። በ1980 ፍራንክሊን ሊምና አንቶኒ ሰን የተሸፈኑ የቆሽት ህዋሳትን በስኳር ሕመም በተያዙ አይጦች ላይ ተክለው ስኳራቸውን ለሳምንታት አስተካከሉ።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ህዋሳቱ ከቡናማ የባሕር አረም ከሚወጣው አልጂኔት ጋር ይደባለቃሉ፤ ድብልቁ ከቀጭን መርፌ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ካልሲየሙ የአልጂኔቱን ሰንሰለቶች ስለሚያያይዛቸው እያንዳንዱ ጠብታ ወዲያው ረግቶ ክብ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ያገለግላል፦ ኦክስጅን፣ ግሉኮስና ኢንሱሊን ያልፋሉ፤ ተከላካይ ህዋሳት ውጭ ይቀራሉ።

በ1993 ፓትሪክ ሱን-ሺዮንግ በሎስ አንጀለስ ካፕሱሉን በሰው ላይ ሞከረ። ከተከላው ዘጠኝ ወር በኋላ ታካሚው ያለ ኢንሱሊን መርፌ ይኖር ነበር፤ ሆኖም ቀድሞ ኩላሊት ተተክሎለት ስለነበር መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስድ ነበር። ስለዚህ ካፕሱሉ ብቻውን ህዋሳቱን ይጠብቃል ለማለት ማስረጃው አልበቃም። በ1996 በኒውዚላንድ ለአንድ ሰው በካፕሱል የተሸፈኑ የአሳማ ህዋሳት ያለዚያ መድኃኒት ተተከሉለት፤ ከዘጠኝ ዓመት ተኩል በኋላም በሆዱ ውስጥ በሕይወት ያሉ ህዋሳት ተገኙ። የኢንሱሊን ፍላጎቱ ግን የቀነሰው ለወራት ብቻ ነበር።

ትልቁ መሰናክል ጠባሳ ነው። ተከላካይ ህዋሳት ወደ ውስጥ መግባት ቢያቅታቸውም በካፕሱሉ ዙሪያ ተከማችተው ጠባሳ ይሠራሉ፤ በውስጡ ያሉት ህዋሳትም ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 ያገኙት ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፦ 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክቦች ከትንንሾቹ ይልቅ ከጠባሳ ተርፈዋል። ይሁንና ክቡ በሰፋ ቁጥር መሐሉ ካሉት ህዋሳት ኦክስጅን ይርቃል። በ2016 እዚያው ተቋም የተቀመመ አዲስ አልጂኔት ከሰው ግንደ ህዋስ የተገኙ ቤታ ህዋሳትን በአይጦች ውስጥ ለ174 ቀናት ጠብቋል። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

እስከ 2025 ድረስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በካፕሱል የሚተከል የስኳር ሕመም ሕክምና አላጸደቀም፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚህ ተስፋ መርፌውን ማቋረጥ የለበትም።