የልጆች ነፃ ጉዞ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የልጆች ነፃ ጉዞ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ ልጆች በከተማዋ ታክሲና ባጃጅ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ እንዲሁም በሐይቁ ጀልባዎች ሳይከፍሉ ወይም ቀንሰው ከፍለው የሚጓዙበት አሠራር ነው። በአብዛኛው የቆመው በልማድ ላይ ነው። ወሳኙም የትምህርት ቤት መዘጋትና መከፈት ሳይሆን ልጁ ወንበር መያዙ ወይም አለመያዙ ነው። በአንዳንድ የውጭ ከተሞች እንደሚታየው በትምህርት ዕረፍት ቀናት የሚሠራ ነፃ ጉዞ በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ርዕሱ በዚህ አካባቢ ሲነሳ መነገር የሚገባው ስለሚታቀፈው ልጅ፣ ስለ ታክሲው ረዳትና ስለ ታንኳው ነው።

የትምህርት ዕረፍት

የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ይጠናቀቃል። ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌን፣ ነሐሴንና ጳጉሜን ይይዛል። አጭሩ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይውላል። ረጅሙ ዕረፍት ከዝናቡ ጋር መገጣጠሙ ለጉዞ አይመችም። በበዓላት ወቅት ቤተሰብ ዘመድ ለመጠየቅ የሚነሳባቸው ቀናት ደግሞ መናኸሪያው የሚጨናነቅባቸው፣ ረዳቱም አንዲት ወንበር በነፃ ለመልቀቅ የማይፈልግባቸው ናቸው።

ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ሌሎች ጊዜያትም አሉ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ ተማሪው ለወራት ከቤት ዋለ። በዚያው ሰሞን የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ አቅማቸው ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነና ታሪፉ እጥፍ ሆነ። በቅርብ ዘመን ረጅሙ አገር አቀፍ የትምህርት መቋረጥ የታክሲ ዋጋ ከወትሮው እጥፍ ከሆነበት ጊዜ ጋር ተገጣጠመ ማለት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ሳቢያ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ለእነዚህ ልጆች «የትምህርት ዕረፍት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሳስቷል።

በየብስ፦ ታቅፎ መሄድ

በባሕር ዳር ከፓፒረስ ወደ ፔዳ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ፣ ከገበያ ወደ ሸምብጥ የሚያመላልሱት ታክሲዎችና ባጃጆች የግለሰቦች ንብረት ናቸው። ታሪፉን መንግሥት ያወጣል፤ ስሌቱም በርቀትና በሰው ነው። በተግባር ግን «ሰው» ማለት ወንበር የያዘ ማለት ነው። የታቀፈ ልጅ ወንበር ስለማይዝ አይከፈልበትም።

ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ ዝርዝሩ ብዙ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ለክርክር አይቀርብም። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ግን በአንድ ቀን ነፃም ከፋይም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ታክሲው ባዶ ሲሆን ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ይሄዳል፤ ማንም አይጠይቀውም። ማታ ሰው ሲበዛ ረዳቱ «እማማ፣ ልጁን ይታቀፉልኝ» ይላል። ሴትዮዋ ከታቀፉት ነፃ ነው። «ከብዶኛል፣ ይቀመጥ» ካሉ ሒሳብ ይጠየቅበታል። ብዙ ጊዜ ለሁለት ልጆች የአንድ ሰው ሒሳብ ተከፍሎ ይታለፋል። አንዳንዴ ረዳቱ ራሱ ይተወዋል፤ አንዳንዴም ተሳፋሪው ጣልቃ ይገባና «ተወው፣ ልጅ አይደል!» ብሎ ያስተወዋል። የማያውቁትን ሰው ልጅ ተቀብሎ መታቀፍም እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ልጆች ይዛ የተሳፈረች እናት አንዱን ለጎረቤት ወንበር ብታሻግር ማንም አይደነቅም።

በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ደንቡ ተመሳሳይ ቢሆንም ርቀቱ ይለውጠዋል። ልጅ ታቅፎ ከከተማ ጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጎንደር ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ታቅፎ መሄድ ሌላ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ስለዚህ ወንበር ይገዛል። አቅም የሌለው የልጁን ነፃ ጉዞ በእናቱ ጉልበት ይከፍለዋል። የዚህ ልማድ ደካማ ጎንም ይኸው ነው፤ ለልጅ የተሰጠ መብት ሳይሆን ለታቃፊ የተሰጠ ቅናሽ ነው። ስምንት ዓመት የሞላው፣ ብቻውን ታክሲ የሚሳፈር ተማሪ ከዚህ ልማድ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ሙሉ ይከፍላል። በትምህርት ዕረፍት ወቅት ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ የሚፈልገው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

በአውሮፕላን ዕድሜው 2 ዓመት ያልሞላ ሕፃን ታቅፎ ሲሄድ ቅናሽ ማግኘቱ የታወቀ ነው። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሱ በረራዎችም ከዚህ አይለዩም።

ዕድሜና ቁመት

ዕድሜን መነሻ ያደረገ ነፃ ጉዞ የዕድሜ ማስረጃ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም ሥራው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት በመንግሥት አካል ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ረዳቱ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣ ኖሮ በጊዜው አብዛኛው ልጅ የሚያሳየው አይኖረውም ነበር። ረዳቱ ዕድሜን በወረቀት ከመጠየቅ ይልቅ የልጁን ቁመት በዓይን መለካቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ስንፍና አይመስልም። ለትምህርት ቤት ልጆች የተማሪ መታወቂያ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከትምህርት ውጭ የሆነውን ልጅ ይተወዋል።

ሰርቪስና ኮንትራት

ለትምህርት ቤት ሰርቪስ ወላጆች በወር ተስማምተው ልጆቻቸውን ለባጃጅ ወይም ለሚኒባስ ሹፌር በኮንትራት ይሰጣሉ። ትምህርት ሲዘጋ ኮንትራቱም ይቆማል።

በሐይቁ ላይ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቀጠናነት ተመዝግቧል። ለደቅ ደሴትና ለዘጌ ልጆች ሐይቁ መንገድ ነው።

ጥንታዊው መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። በሥራው የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች በተለይ ይታወቃሉ።  ለዚህ ርዕስ የሚጠቅመው ታንኳ የሚጨነቀው ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን መሆኑ ነው። ልጅ ቀላል ነው፤ ከማገዶው ወይም ከቡናው ጎን ይቀመጣል። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ትልልቆቹ ልጆችም በዚህ ሥራና በቀዘፋው ያግዛሉ። ስለዚህ በታንኳ ላይ ነፃ ተሳፋሪና ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው።

የሞተር ጀልባ አገልግሎት አጀማመር ያከራክራል። በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁንና ደሴቶቹን ዞሮ ያየው በታንኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፉም ይህን ያስረዳል። ለአንድ ቆንስል ከታንኳ የተሻለ መጓጓዣ ካልተገኘ፣ መደበኛ የሞተር ጀልባ መስመር እስከዚያ ድረስ አልነበረም ብሎ መደምደም የሚቻል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጎርጎራን ወደብ አድርገው አደራጁ። በሐይቁ ላይ የሠራውም ኩባንያ ናቪጋታና በሚል ስም ይታወቃል፤ ስሙ ከነፃነት በኋላም ዘልቋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች የጣና ትራንስፖርትን ጅማሬ ለጣሊያኖች ይሰጣሉ። ይህ ትክክል የሚሆነው ስለ ሞተርና ስለ ቲኬት ሲነገር ብቻ ነው። ሰውና ዕቃ በሐይቁ ላይ በክፍያም ያለ ክፍያም ማመላለስ እጅግ የቆየ ነው። ናቪጋታና ያመጣው አዲስ ነገር በነፍስ ወከፍ የተቆረጠ ዋጋ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ልጅ በክብደቱ መታየቱ ቀርቶ «ግማሽ» ወይም «ሙሉ» ተብሎ መቆጠር ጀመረ ለማለት ያስደፍራል።

በኋላ አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ገብቶ በጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ስም ቀጠለ። የታወቀው ሳምንታዊ መስመር ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ጉዞው አንድ ሌሊት የሚያሳድር ነበር። ከመደበኛው መርከብ ውጭ ቱሪስትና ምእመናን የሚያመላልሱ የግል የሞተር ጀልባዎች አሉ፤ ዋጋቸው በጀልባ ወይም በሰው በድርድር ይወሰናል።

ለተማሪዎች ጉብኝት ሐይቁ ተፈላጊ ነው። እዚህ ላይ አዘጋጆች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ ልጃገረዶች ከጀልባው አይወርዱም። በቅርብ የሚገኘው እንጦስ ኢየሱስና የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። በነፃም ሆነ በክፍያ የሚዘጋጅ የልጆች ጉዞ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ከተፈለገ መድረሻው ከዋጋው በፊት መታሰብ አለበት። በክረምት ነፋስና ማዕበል ስለሚበረቱ የላይፍ ጃኬት ጉዳይም ከቲኬቱ ይቀድማል።

ብስክሌት

ከተማዋ ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት የተለመደ መጓጓዣ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መስመር አለው። በዕረፍት ጊዜ ልጆች ብስክሌት ይከራያሉ።

በሌሎች ከተሞች

በአዲስ አበባ አንበሳ የከተማ አውቶቡስ ለተማሪዎች ቅናሽ ያለው ወርኃዊ ቲኬት ይሸጥ እንደነበር ይታወሳል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ዋጋውን የቆረጠው በርቀት ነበር፤ 2፣ 4 እና 6 ብር። በኢትዮጵያ በመደበኛነት የተደራጀ ነፃ የከተማ ጉዞ ከተባለ ቀድሞ የሚጠቀሰው በ2000ዎቹ አጋማሽ ለመንግሥት ሠራተኞች የተጀመረው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ነው። መታወቂያ ያለው ሠራተኛ በነፃ ይሳፈራል፤ የሠራተኛው ልጅ ግን በዚያ መታወቂያ አይሳፈርም።

ከውጭ ለርዕሱ በጣም የሚቀርበው የቪየና አሠራር ነው። በከተማዋ 6 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁልጊዜ በነፃ ይሄዳል፤ እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ በእሑድ፣ በበዓላትና በቪየና የትምህርት ዕረፍት ቀናት አይከፍልም። ለንደን 11 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር ነፃ ጉዞ ትሰጣለች። ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ክፍያውን ለሁሉም አንስታለች። እነዚህን ከባሕር ዳር የሚለያቸው ሀብት ብቻ አይደለም። በቪየና አውቶቡሱም የምድር ውስጥ ባቡሩም የከተማው ድርጅት ነው፤ ከተማው ከአንድ ኪሱ ወደ ሌላ ኪሱ ይከፍላል።

የወጪ ጥያቄ

በባሕር ዳር የባጃጅ ሹፌር ብዙ ጊዜ ባለንብረት አይደለም። ለባለቤቱ የተቆረጠ የዕለት ገቢ ያስገባል፤ ነዳጅ ይሞላል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ሦስት ተሳፋሪ በሚይዝ ባጃጅ አንድ ልጅ በነፃ ቢቀመጥ የገቢው ሢሶ ይቀርበታል። ስለዚህ ያለ ማካካሻ የሚታወጅ ነፃ ጉዞ ሸክሙ የሚያርፈው በሹፌሩ ላይ ነው፤ ሹፌሩም በበኩሉ ልጅ ሲያይ ሳይቆም ያልፋል።

የማካካሻ መንገድ ግን ፈጽሞ አዲስ አይሆንም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ሲያነሳ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ አቆይቶ በስልክ መክፈያው ቴሌብር እንዲፈጸም አድርጓል። ያ ድጎማ የተሰጠው ለተሽከርካሪው ነበር። ለተሳፋሪው ልጅ የሚሰጥ ተመሳሳይ ክፍያ በዚያው የስልክ መንገድ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚቸግረው የትኛው ልጅ መቼ እንደተሳፈረ ማረጋገጡ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሲታይ የዕረፍት ጊዜ ነፃ ጉዞን ለመሞከር የሚቀለው ከአስፋልቱ ይልቅ ሐይቁ ነው። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ባለንብረቶች ጋር መስማማት አያስፈልግም፤ ስለ መደበኛው መርከብ የሚወስነው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ቲኬት ይቆረጣል፤ ተሳፋሪ ይመዘገባል። ለሙከራው የምትመች መርከብም አለች፦ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጅስቲክስ ያስመጣትና በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ባሕር ዳር የደረሰችው «ጣና ነሽ 2» ርዝመቷ 38 ሜትር ሲሆን፣ እንደተዘገበው እስከ 188 ሰው ትይዛለች።