አትላንቲክን የተሻገረው የጣና ደንገል
የታንኳ እስር፤ ደንገል፣ ጣና ሐይቅ፣ ባሕር ዳር

ደንገል አጭዶ ታንኳ መሥራት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጥንታዊ ሙያ ነው። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ውቅያኖስ ላይ ግን ማድረቂያ ዳርቻ የለም። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከጣና ደንገል ሲያሠራ፣ ብዙ አዋቂዎች በሁለት ሳምንት ትሰጥማለች ብለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰባት ሰዎች ይዛ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሳች። ማዕበሉ የኋላዋን አዘቀዘቀው፤ ገመዱ እየተበጠሰ እስሮቿ ተፈቱ። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። ሰባቱም ተረፉ! እንዲያ ተበጣጥሳም እስከ መጨረሻው ተሸክማቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ትታያለች።