«ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

የሥራ ኢንተርቪው ጨርሳችሁ ልትወጡ ስትሉ «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ «አለፍኩ ማለት ነው» ብሎ ለቤተሰብ ይደውላል፤ ሌላው «በቃ፣ አልፈለጉኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አባባሉ ግን ሁለቱንም አይልም። እስቲ አብረን እንየው።

1. ጌት ባክ ብቻውን
መመለስ ማለት ነው። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ባክ?» ሲሉን «መቼ ተመለስክ?» ማለታቸው ነው። የሰጡትን ማስመለስም ይሆናል። «አይ ጎት ማይ መኒ ባክ» ማለት «ገንዘቤን አስመለስኩ» ነው።

2. ጌት ባክ ቱ፣ ከዚያ ሰው
«አሁን መልስ የለኝም፤ በኋላ አሳውቅሃለሁ» ማለት ነው። እኛ አገር «እንደውልልሃለን» እንደሚባለው ነው፤ ግን የግድ በስልክ አይደለም፣ በኢሜይልም በቴክስትም ይሆናል። መልሱ «አዎ» ይሁን «አይ» አባባሉ አይናገርም። ቀንም አይቆርጥም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት «ዌን ካን አይ ኤክስፔክት ቱ ሂር ፍሮም ዩ?» ብላችሁ መልሱን መቼ እንደምትጠብቁ በትህትና ጠይቁ። ነውር የለውም። እስከዚያው ሌላ ቦታ ማመልከታችሁን አታቁሙ።

እናንተም ተጠቀሙበት። አለቃችሁ ሲደውል ማንሳት ካልቻላችሁ «አይ አም ኢን ኤ ሚቲንግ። አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ ሱን» ብላችሁ ጻፉ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቶሎ መልስ እሰጣለሁ ማለት ነው።

3. ጌት ባክ ቱ፣ ከዚያ ሥራ
ያቋረጡትን መቀጠል ነው። «ሌትስ ጌት ባክ ቱ ዎርክ»፦ ወደ ሥራችን እንመለስ።

ጥንቃቄ!
ቱ የምትለዋን በአት ከቀየራችኋት ነገር ይበላሻል። «አይ ዊል ጌት ባክ አት ዩ» ማለት «እበቀልሃለሁ፣ የእጅህን ታገኛለህ» ነው። ለቀጣሪ «አይቼ እመልስልዎታለሁ» ልትሉ አስባችሁ ዛቻ ልካችሁ ታርፋላችሁ።

«አይ ዊል ጌት ዩ ባክ» የሚለውም ያው ነው። በአማርኛ «ብድሬን እመልሳለሁ» ስንል ገንዘብ መክፈልም መበቀልም ሊሆን እንደሚችል፣ ይሄም እንደ ወሬው ሁለቱንም ይሆናል። ለመሥሪያ ቤት ስትጽፉ ቱ መኖሯን አይታችሁ ላኩ።

ሥራ የሚፈልግ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።