ስለ «ዸ» ፊደል

ከአዲስ አበባ ወጥተን ሰበታ፥ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ገበያ ብንገባ፥ በአማርኛ የሌለ አንድ ድምፅ እንሰማለን። ይህም ምላስ ጫፉን ወደ ላንቃ አጥፎ፥ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚሰማው ነው። በኦሮምኛ «ሃዸ» እናት ማለት ነው፤ «ሃደ» ግን ገመድ ነው። ድምፁን ያልለየ ሰው እናትን ገመድ ያደርጋታል።

አባቶቻችን በግዕዝ ያልነበረ ድምፅ በአማርኛ ሲያጋጥማቸው፥ በነበረው ፊደል ላይ ምልክት ጨመሩ እንጂ ፈጽሞ አዲስ መልክ አልፈጠሩም። ከ«ሰ» «ሸ»ን፥ ከ«ነ» «ኘ»ን፥ ከ«ደ»ም «ጀ»ን አወጡ። «ዸ»ም በዚሁ ሥርዐት ከ«ደ» የተገኘ የ«ጀ» ታናሽ ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጐመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ያስተማረው በዚሁ ፊደል ነበር፤ «ባሪሳ» ጋዜጣም እንደዚሁ። በ1984 ዓ.ም. የላቲኑ ቁቤ ሲጸድቅ ግን፥ ድምፁ በሁለት ፊደላት፥ በዲ እና በኤች፥ ይጻፍ ጀመር።

ዛሬ «ዸ» ከኦሮምኛ መማሪያ መጻሕፍት ወጥቷል፤ በኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ ግን ስፍራው እንደ ተጠበቀ ነው። ድምፁም ከሕዝቡ አፍ አልጠፋም። እኛ ግን ዹጉማ የተባለውን ሰው በአማርኛ መዝገብ ዱጉማ ብለን እንጽፈዋለን። «ዹጋ» እውነት ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። ፊደሉ ሳለልን አንዲቱን ምልክት ብንተዋት፥ ከሰውዬው ስም ያስቀረነው እውነቱን ነው።