የማውንት ሎረል መሬትና የነባሮቹ መኖሪያ

በታላላቅ ከተሞች ዳር የሚገኙ የአካባቢ አስተዳደሮች ከመካከላቸው ማን እንዲኖር እንደሚፈልጉ በግልጥ መናገር አያስፈልጋቸውም፤ ለአንድ ቤት የሚፈቀደውን የቦታ ስፋት በመወሰን ብቻ ነዋሪውን ሊመርጡ ይችላሉ። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በኒው ጀርሲ ግዛት የሚገኘው የማውንት ሎረል ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ማውንት ሎረል ለካምደንና ለፊላደልፊያ ከተሞች ቅርብ የሆነ የገበሬዎች አገር ነበር። በ1950 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) 2,817 የነበረው ሕዝብ በ1970 ወደ 11,221 ከፍ አለ። አስተዳደሩም መሬቱን በደንብ ከፋፍሎ፥ በመኖሪያው ክፍል ለየብቻው ከሚቆም የአንድ ቤተ ሰብ ቤት በቀር ሌላ እንዳይሠራ ከለከለ። ከመሬቱ 29 በመቶ የሚሆነው ለኢንዱስትሪ ሲከለል፥ ለዚሁ ሥራ የዋለው ግን ከ100 ኤከር አይበልጥም ነበር። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ወጪ በብዛት የሚሸፈነው ከመሬትና ከቤት ግብር ስለ ሆነ፥ ፋብሪካ ገቢ ያስገባል፤ ልጆች የበዙበት ድኻ ቤተ ሰብ ግን ወጪ ያበዛል ተብሎ ይቈጠር ነበር።

በዚያው አገር ስፕሪንግቪል በሚባለው መንደር ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ደሳሳ ቤቶቻቸው ለመኖሪያ አይበቁም እየተባሉ ሲዘጉ፥ 36 አፓርታማዎች ለመሥራት ፈቃድ ቢጠይቁ በ1970 ተከለከሉ። ስለዚህ ከነባሮቹ አንዷ ወይዘሮ ኤቴል ሎውረንስና ሌሎችም በ1971 አስተዳደሩን ከሰሱ።

የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ፍርድ ሰጠ። አስተዳደሩ መሬት የመከፋፈል ሥልጣን የተቀበለው ከግዛቱ ነውና ለሕዝብ ሁሉ ደኅንነት ሊሠራበት ይገባል፤ በማደግ ላይ ያለ አስተዳደር ሁሉ ከአካባቢው የቤት ፍላጎት ተገቢ ድርሻውን መሸከም አለበት አለ። ይሁን እንጂ ፍርዱ ቤት አላስገኘም። በ1983 ፍርድ ቤቱ አስተዳደሮቹን ለመክሰስ ለቤት ሠሪዎች መንገድ ከፈተ። የ1985 ሕግ ግን አንድ አስተዳደር እስከ ግማሽ የሚሆን ድርሻውን ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሌላ ከተማ እንዲያዛውር ፈቀደ፤ ባለጠጋውም ግዴታውን ለድኻው አሻገረ። ይህ የተሻረው በ2008 ነው።

ወይዘሮ ሎውረንስ በ1994 ዐረፉ። በስማቸው የተሰየሙት የመጀመሪያዎቹ 100 ቤቶች ነዋሪዎችን የተቀበሉት በ2000 ነው። ጎረቤቶች ወንጀል ይበዛል፥ የቤት ዋጋም ይወድቃል ብለው ፈርተው ነበር፤ ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት ግን ሁለቱም አለመድረሳቸውን አሳይቷል። ከፍርዱ እስከ ቤቱ ቁልፍ 25 ዓመት ያህል አልፏል፤ በዚህም መካከል ብዙዎቹ ነባሮች የአያቶቻቸውን አገር ለቀው ሄደዋል።