ከቡታጅራ ቆጠራ እስከ ጨለለቅቱ፦ የነርቭ ሕክምና ወደ ገጠር የወረደበት መንገድ

ጨለለቅቱ ከዲላ በስተ ደቡብ፣ በጌዴኦ ዞን ኮቾሬ ወረዳ ትገኛለች። ቡናና እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር ተጎራብተው የሚያድጉበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ አካባቢ የሚኖር የሚጥል በሽታ ያለበት ገበሬ የነርቭ ሐኪሞች በብዛት ወደሚገኙባት አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። በሽታው ዕለት በዕለት መድኃኒት መውሰድን ለዓመታት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ተጉዞ መታየት ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ስለሆነም እውቀቱ ራሱ ወደ ሕሙማኑ የሚሄድበትን መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል። በአገራችን ይህ ፍለጋ ከተጀመረ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤት ለቤት የተደረገው ቆጠራ

በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፋና ወጊ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው፣ በሆስፒታል ተቀምጠው የሚመጣውን ሕሙም ብቻ ማከም የበሽታውን ስፋት እንደማያሳይ ተገንዝበው ነበር። በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት ጥናት አካሄዱ። ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ ቃለ መጠይቅ አደረጉ፤ የነርቭ ችግር ምልክት የታየባቸው ሰዎች ደግሞ በሐኪም ተመረመሩ። በ1990 በታተመው በዚህ ጥናት የተካተቱት ሰዎች 60,820 ነበሩ።

ከነርቭ በሽታዎች ሁሉ በብዛት የተገኘው የሚጥል በሽታ ሲሆን፣ መጠኑም ከሺህ ሰዎች 5.2 ነበር። በፖሊዮ ሳቢያ የመጣ ሽባነትና በሥጋ ደዌ ምክንያት የደረሰ የነርቭ ጉዳትም ጎላ ብለው ታይተዋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው ሌላ ግኝት ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 316 ሰዎች መካከል የታወቀ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ፣ ማለትም አምስት ሰዎች ያህል ነበሩ። የቀሩት የበሽታው መንስኤ እርኩስ መንፈስ ነው በሚባልበት፣ ሰው ሲወድቅ የክብሪት ጢስ በሚታጠንበት፣ ሕሙሙን መንካት በሚፈራበት ኅብረተሰብ ውስጥ ከነሕመማቸው ይኖሩ ነበር።

እኚሁ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጓያ በብዛት ከመመገብ የሚመጣውን የእግር ሽባነት አጥንተው ውጤቱን በ1990 አሳትመዋል። ይህ ሽባነት አንዴ ከደረሰ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ መከላከያው ያለው በእርሻውና በማዕድ ቤቱ ነው። በሁለቱም ጥናቶች የሙያው መሪዎች የሥራ ቦታቸውን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ አድርገውት ነበር።

መድኃኒቱ በነርስ እጅ

ቆጠራው ያስከተለው ጥያቄ ማን ያክም የሚል ነበር። የነርቭ ሐኪሞች በጣት በሚቆጠሩበት አገር ሕክምናውን ለእነርሱ ብቻ መተው አብዛኛውን ሕዝብ ያለ ሕክምና መተው ማለት ነው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም በጅማ የሚገኙ ሐኪሞች፣ ከእንግሊዝ አገር የሙያ አጋሮቻቸው ጋር በመሆን የሚጥል በሽታንና ሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ሕክምና ከሪፈራል ሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱት። ሠልጥነው ክትትሉን የያዙት ነርሶች ናቸው፤ ሐኪሙ አስቸጋሪ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚያማክርና በየጊዜው የሚጎበኝ ሆነ። ዋናው መድኃኒት ከ1912 ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋለው ርካሹ ፌኖባርቢታል ነበር።

ይህ አሠራር ለሐኪሞቹ ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ለዓመታት ተምረው ያገኙትን ሥራ ለሌላ ሙያተኛ ማስተላለፍ እምነትን ይጠይቃል። የሚተላለፈው ግን መመሪያ፣ ሥልጠናና ክትትል የታከለበት ሥራ ስለነበረ፣ ነርሱ ብቻውን የተተወ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የአእምሮና የነርቭ በሽታዎችን ሕክምና በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ለማስፋት ያወጣው ፕሮግራም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ኢትዮጵያም በ2010 በሙከራ ደረጃ ስትጀምረው የሚጥል በሽታ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሕመሞች አንዱ ሆኗል።

በአገር ቤት ማሠልጠን

ነርሱን የሚያሠለጥንና የሚያማክር ሐኪም ግን ከየት ይምጣ? ቀደም ባሉት ዓመታት የነርቭ ሐኪም ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ የግድ ነበር። በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር ይህ ሁኔታ ተለወጠ። ጥቂቶቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች የማስተማሩን ኃላፊነት ሲወስዱ፣ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ባለሙያዎችም እየተመላለሱ አግዘዋል። ሠልጣኙ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያያቸው የሳንባ ነቀርሳ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ወባና በጊዜው ሕክምና ያላገኘ የሚጥል በሽታ ወደፊት በሚሠራበት ቦታም የሚጠብቁት ናቸው። ከፕሮግራሙ የተመረቁ ሐኪሞችም በተራቸው አስተማሪዎች ሆነዋል።

ቀሪው ሥራ

የዓለም ጤና ጉባኤ በ2022 ያጸደቀው የሚጥል በሽታና የሌሎች የነርቭ በሽታዎች ዕቅድ እስከ 2031 የሚደርስ ነው። በዕቅዱ መሠረት የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶው ሕመማቸውን እንዲያውቁ፣ ከእነዚህ ውስጥ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት ደግሞ 70 በመቶው ከሕመሙ በበቂ ሁኔታ እንዲያርፉ ይጠበቃል።

ይህን ግብ ወደ ጨለለቅቱና መሰሎቿ ማምጣት የሚጀምረው እንደ ቡታጅራው ሁሉ ከቆጠራ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ይቋቋማል። የቡታጅራው መጠን በአካባቢው ይሠራል ብለን ብንነሣ፣ በዚህ ሕዝብ መካከል 130 ያህል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይኖራሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ መዝገቡን ከፍቶ ከ130ው ስንቱ በክትትል ላይ እንዳሉ ቢመለከት፣ የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። ያልመጡት በቤት ውስጥ ናቸው፤ እነርሱን ለማግኘት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተሻለ ሰው የለም።

ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራና ለሕይወት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የመድኃኒት መጋዘን ባዶ መሆን እንደ ተራ የአስተዳደር ጉድለት ሊታይ አይገባውም። ሦስተኛው ምክክር ነው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች በዞኑ ላሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ቋሚ አማካሪ የሚሆኑበት ሥርዓት ቢጠናከር፣ ወደ ሪፈራል መላክ የሚያሻው ሕሙም ከማያሻው ይለያል።

እንግዲህ ያለፉት አርባ ዓመታት ለሙያው መሪዎች ያስተማሩት ይህን ነው፦ ቆጥሮ ማወቅ፣ አስተምሮ ማስተላለፍ፣ ካስተላለፉም በኋላ አለመራቅ። በቡታጅራ ያለ ሕክምና ከተገኙት ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ጋር የሚመሳሰሉ ወገኖች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። በክብሪት ጢስ ፈንታ መድኃኒት የሚያገኙት በቅርባቸው ያለው ጤና ጣቢያ የስማቸውን መዝገብ የከፈተ ዕለት ነው።